ድልድይ ሆና የተመረቀችው ምሰሶ

ዛሬ ሰው እግሩን ሰበረ ሲባል «የት?» ነው የምትሉት። በደርግ ጊዜ እኛ አቃቂ «የማን መሥሪያ ቤት ጉድጓድ ውስጥ?» ነበር የምንለው። ያኔ ጉድጓድ ሁሉ ባለቤት ነበረው። የውኃ አለ፣ የመብራት አለ፣ የስልክ አለ። ባለቤት የሌለው የገባበት ሰውዬ ብቻ ነው።

እኔ እንግዲህ ፊደል አልቆጠርኩም። መሠረተ ትምህርትስ ገብቼ ነበር፤ ግን አጠገቤ የሚቀመጡት አሮጊቶች ወሬያቸው ጣፋጭ ሆኖ አስቸገረኝ። የመንግሥትን ሕግ በሙሉ የተማርኩት ከአንዲት የመብራት ምሰሶ ነው። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ። ስትቀመጡ ግን የምትቀመጡበትን አይታችሁ። ለምን እንዳልኩ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

ቤቴ ከትልቁ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከደጄ ፊት ለፊት የዘሃራ ደጅ ነው። ዘሃራ ወሎዬ ናት። ባሏ በከባድ መኪና አሰብ ይመላለሳል፤ እሷ ደግሞ እኔን ለማብሸቅ ከቤቷ ቤቴ ትመላለሳለች። ትንሽ ወፈር ትላለች። ወፍራም ያልኳት እኔ አይደለሁም፤ እሷ ራሷ ናት «እኔ የተሟላሁ ነኝ» የምትለው። በጁምዓ ቀን እሷ ዱዓ ታደርግልኛለች፣ በገብርኤል ቀን እኔ እሳልላታለሁ፣ የተረፈውን ቀን እንሰዳደባለን። እንዲህ ሆነን ስንት ዘመን በሰላም ኖርን።

አንድ ቀን የውኃ ሰዎች መጡ። «ቧንቧ ልናስገባላችሁ ነው» አሉን። እልል አልን። በኔና በዘሃራ ደጅ መካከል ከላይ እስከ ታች ሰው የሚውጥ ቦይ ቆፈሩ። ትልልቅ የብረት ቱቦ በካሚዮን አመጡና አጥሬ ሥር ደረደሩት። ከዚያ ሄዱ። ለምሳ የሄዱ መስሎን ነበር።

ክረምት ገባ።

ቦዩ ወንዝ ሆነ። ከዘሃራ ቤት በስተጀርባ ድሮም ወንዝ አለ፤ አሁን ከፊቷም ሌላ ወንዝ ተጨመረላት። በሷ በኩል ያለው መንደር በሙሉ፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም ነጋዴውም፣ ደሴት ላይ ቀረ። ጎረምሳው ይዘላል። ቀጫጭኑ ይዘላል። ዘልሎ ሳይደርስ ቀርቶ የሚገባም አለ፤ እሱ ወጥቶ ጭቃውን አራግፎ ለፋብሪካው ዘበኛ «ቦይ ገብቼ ነው የዘገየሁት» ብሎ ያስረዳል። ዘሃራ ግን አትዘልም። የተሟላ ሰው ይዘላል እንዴ?

እንግዲህ ከወዲህና ከወዲያ ሆነን መጮህ ሆነ ሥራችን።

«አንቺ! ጨው አለሽ?»

«አለኝ!»

«ወርውሪያ!»

ቋጥሬ ወረወርኩ። ቦዩ በላው። እሷ ደግሞ በተራዋ በርበሬ ወረወረችልኝ፤ እሱንም በላው። ጨውና በርበሬውን ካገኘ በኋላ አንዲት ዶሮ ጨመረበት። ዶሮዋ የማን እንደነበረች እስካሁን እንከራከራለን።

መቼም ዝም አይባልም፤ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበራችን ጓድ ንጋቱ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ፋብሪካ ውስጥ ክር ይጠቀልል ነበር፤ ከአብዮቱ ወዲህ ካኪ ለብሶ እኛን ይጠቀልላል። ክፉ ልጅ ግን አይደለም። ፈሪ ነው። ፈሪ ሹም ከክፉ ሹም እንደሚብስ ያኔ አላወቅኩም ነበር።

«ጓድ ንጋቱ፣ ልጄ፣ ድልድይ አድርጉልን» አልኩት።

«እማማ፣ ድልድይ የቀበሌ ሥልጣን አይደለም። የመንገዶች ነው።»

የመንገዶች ቢሮ ሄድኩ። «እዚያ መንገድ አለ እንዴ?» አሉኝ።

«መንገድማ የለም። ቦይ ነው ያለው።»

«ቦይ ከሆነ የውኃ ነው።»

የውኃ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ጥርሱን እየፋቀ «ቱቦ ገብቶበታል?» አለኝ።

«ኧረ ቱቦ አልገባበትም። የሚገባበት ሰው ነው።»

«እንግዲያው ገና ነው። ቱቦ ቦይ ውስጥ ሲገባ ነው የኛ የሚሆነው። እስከዚያ ቦዩም አያገባንም፣ ቱቦውም አያገባንም።»

ይቺን ቃል ያዙልኝ። እኔም ይዣት ወጣሁ። ያልተማረ ሰው ወረቀት ስለሌለው ቃል ያጠራቅማል።

መንገዴን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። የከተማ መሬት የመንግሥት ነው ተብሎ ሲታወጅ እኔም እልል ብዬ ወጥቻለሁ። መሬት አልነበረኝም፣ ምን ቸገረኝ! ግን እንግዲህ መሬቱ የመንግሥት ከሆነ ቦዩም የመንግሥት ነው፣ ጭቃውም የመንግሥት ነው። ለሰፊው ሕዝብ የቀረለት መውደቁ ነው ማለት ነው። እሱንም ያለ ፈቃድ ነው የምንወድቀው።

አሁን ወደ ምሰሶዋ ልምጣ።

ከዚያ ቀደም በበጋው የመብራት ሰዎችም መጥተው ነበር። መንደራችን በሙሉ ኩራዝ ነው የሚያበራው፤ ጠዋት ጠዋት አፍንጫችንን ስንናፈጥ የከሰል ነጋዴ ነው የምንመስለው። «መብራት ልናስገባላችሁ ነው» አሉን። እልል አልን። (እልልታችን ርካሽ ነበር።) በመንገዱ ዳር ዳር ምሰሶ እያወረዱ አስተኙ። አንዷ እኔ አጥር ሥር ተኛች። ረዥም፣ ጥቁር፣ ምስጥ እንዳይበላት ሬንጅ ጠጥታ የጠገበች። እነሱም ሄዱ። ለምሳ።

የእድራችን ወንዶች እሷ ላይ መቀመጥ ለመዱ። ፀሐይ ሲመታት ታዲያ ሬንጁ ያልባታል። የተቀመጠባት ሁሉ መቀመጫው ላይ ጥቁር ማኅተም ይዞ ይነሳል። በእንዶድም አይለቅ፣ በሳሙናም አይለቅ። የኛ መንደር ሰው ሳሪስ ገበያ ላይ ከኋላው ይታወቅ ነበር።

አንድ እሑድ ጎረምሶቹ የቀበሌውን ዘመቻ ጨርሰው፣ አካፋቸውን ተሸክመው በደጄ ሲያልፉ፣ እኔ አንዲት ቃል ተናገርኩ። አንዲት ቃል ብቻ! «ይቺ ምሰሶ እዚህ ተጋድማ ምን ትሠራለች? ሥራ ፈትቶ መተኛት እኮ አብዮቱ ከልክሏል» አልኩ። ከዚያ ቦዩን አየሁ። ከዚያ እነሱን አየሁ። ዓይን መንግሥት አልወረሰውም፣ ማየት መብቴ ነው።

እነሱም ተያዩ። «ሆ!» ብለው አነሷት። «ሆ!» ብለው ተሸከሟት። በጠራራ ፀሐይ፣ እየዘፈኑ፣ ከኔ ደጅ እስከ ዘሃራ ደጅ ቦዩ ላይ አጋደሟት። ክብ ናትና እንዳትሽከረከር በኔም በኩል በሷም በኩል ትልልቅ ድንጋይ ሥሯ ሸጎጡ። አለቀ። ስንት መሥሪያ ቤት ያዞረኝ ድልድይ እንጀራ ተቆርሶ እስኪጎረስ ተሠራ።

መጀመሪያ የተሻገረችው ዘሃራ ናት። ቆማማ እንዴት ትሻገራለች? ቁጭ ብላ፣ ምሰሶዋን በሁለት እግሯ ጭብጥ አድርጋ፣ «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያለች ተንሸራትታ መጣች። ደጄ ስትደርስ ቀሚሷ ከፊትም ከኋላም ሬንጅ ነው። አቀፈችኝ። አለቀስን። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጨው!»

ወሬው ቀበሌ ደረሰና ጓድ ንጋቱ እየሮጠ መጣ። «የመንግሥት ንብረት! የመንግሥት ንብረት!» እያለ ጮኸ። ከዚያ ሰው ሲሻገር አየ። ከዚያ ዝም አለ። ካድሬ ሲጮህ አትፍሩ፤ ዝም ሲል ነው፤ እያሰበ ነው።

በሳምንቱ ድልድዩ ተመረቀ። ኧረ እውነቴን ነው! የሚቆረጥ ቀይ ጨርቅ ስለጠፋ የዘሃራ ሻሽ ተወሰደ፤ በኔ መቀስ ተቆረጠ። ጓድ ንጋቱ «ይህ በሰፊው ሕዝብ የተባበረ ክንድ የተገነባ ድልድይ» ብሎ ጀመረና ፀሐይ እስኪበርድ አልጨረሰም። ጥንካሬውን ለማሳየት ምሰሶዋ መካከል ሄዶ በካኪው ቁጭ አለ። አጨበጨብን። ሲነሳ ደግሞ የበለጠ አጨበጨብን፣ ምክንያቱም ማኅተሙን አየንለት።

«ወደ ላይ ሪፖርት ይደረጋል!» አለ። ላይ የት እንደሆነ አላውቅም። ያኔ እግዜር እንኳን ላይ መኖሩ አጠራጣሪ ነው ይባል ነበር።

እኔ ደግሞ የድልድዩ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆንኩ። «ጓዲት» ተባልኩ። እዩኝ እስቲ! ሹመት ክፉ ነገር ነው፣ ልጆቼ። በማግሥቱ በርጩማዬን አውጥቼ ደጄ ተሰየምኩ። «ቀኝህን ይዘህ ሂድ!» እላለሁ፤ ምሰሶ ላይ ቀኝ የት አለና! «ሳትፈተሽ አትሻገርም!» እላለሁ። ያዋለድኳቸውን ልጆች መታወቂያ እጠይቃለሁ፤ ሲያሳዩኝ ደግሞ ማንበብ አልችልም፣ ገልብጬ አየዋለሁ። ዘሃራ እንኳን «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ እንጨት ተሰጥቶሽ እንዲህ ከሆንሽ አገር ቢሰጡሽ ጉድ ፈልቶ ነበር» አለችኝ። እሷንም በሰልፍ አሳለፍኳት።

መስቀል አለፈ። ጭቃው ጠፈፍ ማለት ሲጀምር አንድ ካሚዮን እየጮኸ መጣ። የመብራት ሰዎች ናቸው፤ ከምሳ ተመለሱ። በየተራ ጉድጓድ እየቆፈሩ ምሰሶዎቹን እያቆሙ እኔ አጥር ደረሱ። ጉድጓዱን ቆፈሩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩ። ምሰሶ የለም።

ካቦው ግርማ የሚባል አጭር ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ረዥም ነው።

«እዚህ የነበረችው ምሰሶ የት ሄደች?»

«የት ትሄዳለች ልጄ፣ እግር የላት» አልኩት። «ሰው ነው በሷ ላይ የሚሄደው።»

ዞሮ አየ። አንድ ሰውዬ ጤፍ ተሸክሞ በምሰሶዋ ላይ እየተሻገረ ነው። ካቦው ራሱን ይዞ ጮኸ። ገመድ አውጥቶ ወደ ምሰሶዋ ሲሮጥ እኔ ከበርጩማዬ ብድግ አልኩና «በሕግ አምላክ!» አልኩት።

ቀጥ ብሎ ቆመ። የፈለገው አብዮት ይምጣ፣ በሕግ አምላክ ሲባል እግሩ የማይቆም የኛ አገር ሰው የለም። እሱ ቆሞ ሳለ ደግሞ የእግዜር ሥራ፣ አንድ ቀጭን ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ በዚያው ሰዓት ከተፍ አለ። አቶ መላኩ ይባላል፣ የመንገድና የድልድይ ሰው ነው።

«በሪፖርት የመጣውን ድልድይ ልመዘግብ ነው» አለ። ከዚያ ምሰሶዋን አየና መነጽሩን አወለቀ። ጠርጎ አደረገው። አሁንም ምሰሶ ናት።

«ሪፖርቱ መኪና ታሳልፋለች ይላል።»

«መኪናው ቀጭን ከሆነ ታሳልፋለች» አልኩት።

አልሳቀም። «እናት፣ የኔ አለቃ ይህን ድልድይ ተሠራ ብሎ ለራሱ አለቃ ነግሯል። የለም ልል ነው? አለ! ማንም ሰው ይህን ድልድይ ቢነካ የሕዝብ ድልድይ አፍርሷል።»

«ምን ድልድይ! የኔ ምሰሶ ናት!» አለ ካቦው። «እሷን ካላቆምኩ መስመሩ አያልፍም፤ መንደሩም መብራት አያይም። የመንግሥት ንብረት ተሰርቋል፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ይሄ!»

ጓድ ንጋቱ ደረሰ። ሁለቱን ሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «የድልድዩ ሊቀመንበር ማን ነው? ወይዘሮ እርስዎ ነዎት አይደል? ነገ ጠዋት የፍርድ ሸንጎው እዚሁ ይሰየማል፤ ይጠየቃሉ።»

ልብ በሉልኝ፤ ሲሾመኝ ጓዲት፣ ሲከሰኝ ወይዘሮ፤ ቤቴ ምሳ ሲበላ ነው እማማ።

ምሰሶዋ ብትነሳ ድልድይ አፍራሽ ነኝ። ብትቀመጥ ምሰሶ ሌባ ነኝ። አሁን ትስቃላችሁ፤ እኔም አሁን ነው የምስቀው። ያኔ አሻጥር የሚለው ቃል የተለጠፈበት ሰው አንድ ባላባት ጥሎት በሄደውና ቀበሌ እስር ቤት ባደረገው ቪላ ምድር ቤት ነው የሚገባው። በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ልጅ አለ። ከኛ መንደር አንድ ነጋዴ «ስኳር ደብቀሃል» ተብሎ ለጥያቄ ገባ፤ ሚስቱ ስንቅ እያመላለሰች ጥርሷ ረገፈ። በቀልድ የተገባበት ቤት ነው፣ በቀልድ ግን አይወጣም። የዚያን ቀን ማታ በርጩማዬን ከደጅ አስገባሁ።

ዘሃራ በምሰሶዋ ተንሸራትታ መጣች። አንድ ትልቅ ቋጠሮ ይዛለች።

«ምንድነው?»

«በሶ ነው።»

«ማን በሶ አማረው?»

«ለምድር ቤቱ ነው። በሶ አይበላሽም። እንጀራ ባመጣልሽ ይሻግታል።»

«አንቺ! ገና ሳይፈረድብኝ ስንቅ ትቋጥሪያለሽ?»

«ወላሂ አንቺን አውቅሻለሁ፤ ዳኛው ፊት አፍሽን ትከፍቻለሽ። ስለዚህ ሁለት ቁና ነው ያስፈጨሁት።» ስድቤን ልጀምር ስል ዓይኗን አየሁት። ቀልቷል። ዘሃራ ዓይኗ የሚቀላው ባሏ ከአሰብ ሲዘገይ ብቻ ነው። ስድቤን ዋጥኩት። በሶውንም ተቀበልኩ።

በማግሥቱ ሸንጎው ጠረጴዛውን ተሸክሞ ደጄ መጣ። ሰብሳቢው ራሱ ጓድ ንጋቱ ነው፤ የመረቀው እሱ፣ የሚፈርደው እሱ። ሕዝቡ ከወዲህም ከወዲያም ተሰብስቧል። ካቦው ግርማ ተነሳ።

«ይቺን ሴትዮ ብቻ አይደለም የምከሰው! ተባባሪዎቿንም ነው! ምስክሬ ሬንጁ ነው። ምሰሶዋን የነካ ሁሉ መቀመጫው ላይ ምልክት አለበት። ሁላችሁም ዙሩ!»

የእድሩ ዳኛ ዞሩ፤ ማኅተም። ጎረምሶቹ ዞሩ፤ ማኅተም። ዘሃራ መዞር አላስፈለጋትም፤ ከየትም ብትታይ ሬንጅ ናት። መንደሩ በሙሉ አጎንብሶ ለሸንጎው ጀርባውን ሰጠ። እንደዚያ ቀን ለመንግሥት ሐሳባችንን በግልጽ ተናግረን አናውቅም።

«ሸንጎውስ?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

ጓድ ንጋቱ ንቅንቅ አላለም። «ሰብሳቢ አይዞርም» አለ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ወደ ኋላው ነው የሚሄደው። ራሱን ጓድ ንጋቱን ጨምሮ ባለሬንጁ ሁሉ ይታሰር ቢባል ምድር ቤቱ አይበቃምና፣ «የሬንጁ ማስረጃ ለጊዜው ታልፏል» ብሎ ወሰነ። «ተጠያቂዋ ሊቀመንበሯ ብቻ ናት።»

ይሄን ጊዜ ካቦው «እንግዲህ እኔ ምሰሶዬ ላይ ነኝ!» ብሎ ምሰሶዋ ላይ ወጥቶ ቆመ። አቶ መላኩም «እኔም ድልድዬ ላይ ነኝ!» ብሎ ከነጃንጥላው ወጣ። መሃል ላይ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ይጯጯሃሉ። እኔ አየኋቸው። ነገሩ ለካ የኔ አይደለም! የተጣሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ የሚጣሉበት ሜዳ ነኝ። ታዲያ ሜዳ ይከሰሳል?

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ። «ጌቶቼ፣ ክርክር እንዲህ ነው እንዴ? ተከራካሪ ሳይቆራኝ በየት አገር ይሟገታል? በአባቶቻችን ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ነው ዳኛ ፊት የሚቆሙት!»

«የፊውዳል ባህል ነው!» አለ ጓድ ንጋቱ።

«እውነታቸውን ነው! ይቆራኙ!» አለ ሕዝቡ።

እኔ እንጃ እንግዲህ፤ ሁለቱም ገጠር የተወለዱ ሰዎች ናቸው። አእምሮአቸው ቢሮ ቢገባም እጃቸው አልገባም። ካቦው የካፖርቱን ጫፍ ዘረጋ፣ አቶ መላኩ የኮቱን ጫፍ ዘረጋ። ሳያስቡት ነው! ምሰሶዋ ላይ እንደምንም ተራምጄ ሁለቱን ጫፍ ቋጠርኩት፤ አህያ የሚታሰርበት ቋጠሮ ነው፣ በጥርስ ካልሆነ አይፈታም። ቀስ ብዬ ወረድኩ።

ከወዲያ ማዶ ደግሞ ዘሃራ ድካም ተሰማት። ፀሐዩ ነው መሰለኝ። የምትቀመጥበት ድንጋይ ፈለገች። እዚያ አካባቢ ደህና ድንጋይ ያለው ከምሰሶዋ ሥር ብቻ ነው። ምን ታድርግ የተሟላች ሴት? ሳብ አድርጋ አወጣችና ቁጭ አለችበት።

ምሰሶዋ ዞረች።

አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተርፍ ነበር፤ ቁራኛ ናቸውና አብረው ገቡ። ጃንጥላው ብቻ ከላይ ተንሳፈፈ። ጭቃው እስከ ብብታቸው ነው። «ይህ ቦይ የማን ነው?!» ብለው በአንድ ድምፅ ሲጮኹ ሰማሁ። ከዚያ በፊት በአንድ ድምፅ ተናግረው አያውቁም። እኔም እንደ ደንቡ መለስኩላቸው፤ «ቱቦ እስኪገባበት የማንም አይደለም!»

በእድሩ ገመድ አወጣናቸው። ቤቴ አስገባኋቸው፣ ልብሳቸውን አስወልቄ አጠብኩ፣ አጥር ላይ አሰጣሁ። ያለኝ ጋቢ አንድ ነው። አንድ ጋቢ ለሁለት ሰጠኋቸውና አንድ መደብ ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። ሸንጎውም ጠረጴዛውን ይዞ ተከትሎን ገባ፤ ጓድ ንጋቱ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ።

ልጆቼ፣ እስቲ ሞክሩት። አንድ ጋቢ ውስጥ ያለ ሰው ብዙ መጣላት አይችልም። አንዱ ተቆጥቶ እጁን ሲያወናጭፍ ሌላው ይራቆታል። ካቦው ቀስ አለ። አቶ መላኩ ቀስ አለ። የዘሃራን በሶ በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ ለምድር ቤት የታሰበ በሶ ለሹማምንት ሆነ።

«ለመሆኑ ጌታዬ» አለ ካቦው በለሆሳስ፣ «ምሰሶዬን ባነሳት እርስዎን ምን ያደርጉዎታል?»

«ድልድይ አጠፋህ ይሉኛል። አንተስ ባታነሳት?»

«ምሰሶ አጠፋህ ይሉኛል።»

ተያዩ። በልብስ ሳሉ ያልተያዩትን ያህል ተያዩ። ሁለቱም እንደኔው ፈርተዋል ለካ! ምድር ቤቱ የሁላችንም ነበር።

«እንዲያው መሃይም ነኝና አትቀየሙኝ» አልኩ፣ «ድልድይ ይታደሳል አይደል?»

«ይታደሳል እንጂ» አለ አቶ መላኩ።

«ሲታደስ አሮጌው እንጨት ይነሳል?»

«ይነሳል።»

«በብረት ቢተካስ?»

«ዕድገት ነው!» አለ ጓድ ንጋቱ ከግድግዳው ሥር።

ሁሉም በመስኮቴ ወደ አጥሬ አየ። የውኃ ሰዎች የደረደሩት የብረት ቱቦ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል።

«የማን ነው እሱ?» አለ አቶ መላኩ፣ እንዳልፈለገ ሆኖ።

«እኔ አላውቅም» አልኩት። «የውኃ ቢሮው ልጅ ግን ቱቦ ቦይ ውስጥ ሲገባ ነው የኛ የሚሆነው ብሎኛል። እኛ ደግሞ ቦይ ላይ እንጂ ቦይ ውስጥ አናስገባውም።»

ካቦው ሳቀ። ሲስቅ ጋቢው ወረደ፤ አቶ መላኩ ጎትቶ አለበሰው። ክርክሩ ያኔ አለቀ።

የዚያኑ ዕለት ምሰሶዋ ተነስታ እኔ አጥር ሥር ቀጥ ብላ ቆመች። ቱቦዎቹ ጎን ለጎን ተጋድመው በሽቦ ታሰሩ፣ እንዳይሽከረከሩም እነዚያው ድንጋዮች ሥራቸው ተሸጎጡና ዘሃራ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ ተሻገረች፤ መሃል ላይ ደርሳም ለማስቀናት ትንሽ ወገቧን ነቀነቀች። የኔስ ክስ? «ምሰሶዋ እንዳትጠፋብን ጠብቀው ያቆዩልን እናት ናቸው» አለ ካቦው። አሻጥሩ አለፈና ተመሰገንኩ። የብረቱ ድልድይም ሊመረቅ ሆነ፤ ዘሃራ የቀሯትን ሻሾች ሁሉ ደበቀች።

ሽቦው ተዘረጋ። መሸት ሲል መጥተው አንዲት አምፖል ደጄ ላይ አበሩ። ከወዲያም ከወዲህም ሰው ወጣ። እልል አልን፤ ይሄኛው እንኳን ደህና እልልታ ነበር። ዘሃራ ድልድዩን ተሻግራ መጣችና ከአምፖሉ ሥር አገጬን ይዛ አየችኝ።

«ያ አላህ! አንቺ እንዲህ አርጅተሽ ነው እንዴ ስትሰድቢኝ የኖርሽው?»

«ሬንጅሽ አሁን ነው በደንብ የታየኝ» አልኳት።

በቀጣዩ በጋ አንዲት ላንድሮቨር ደጄ ቆመች። አንድ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ ወረደ። አጥሬን አየ። ቦዩን አየ። ድልድዩን አየ። ፊቱ ቀላ።

«እማማ፣ እኛ ከውኃ ነን። እዚህ ያስቀመጥናቸው ቱቦዎች...»

«ከምሳ ተመለሳችሁ?» አልኩት። «ና እስቲ ልጄ፣ ድልድዩ ላይ ወጣ በልና ቀርበህ እያቸው።»

ከወዲያ ማዶ ዘሃራ ብቅ አለች። ድካም ተሰማት መሰለኝ፣ የምትቀመጥበት ድንጋይ መፈለግ ጀመረች። እኔም ገብቼ ጋቢዬን አወጣሁና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።